ቱርቦ የሌለው ሀርድቶፕ ወደ ሳነቲ

ሐሙስ፦ አዲስ አበባ – አሰላ – ዲንሾ

መኪናችን የ1994 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላንድክሩዘር ሀርድቶፕ ናት። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ብዙ ዓመት ገጠር ለገጠር ስትዞር ኖራ በጨረታ ወጣች። የሬዲዮ አንቴና ተተክሎበት የነበረው ቀዳዳ በሲልከን ተደፍኗል። ከበሩ ላይ የተፋቀው አርማ ፀሐይ በጎን ሲመታው ዛሬም ይታያል። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች አሏት። እነሱን ያየ ሁሉ አምቡላንስ ትመስለዋለች። መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚያስቆመን ሰው ብዙ ነው።

ዋናው ነገር ግን ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ነው። 1ኤችዜድ ይባላል። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍታ። ቶዮታ ማምረት የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ለዚህች ከባድ መኪና ትንሽ ነው፤ ይህንን የሚክድ የለም።

የምንሄደው ባሌ ነው። ሳነቲ የሚባለውን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጠን ደሎ መና እንወርዳለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። ሰበቡ ሽርሽር ይባል እንጂ ዋናው ነገር ስንጠግናት የከረምናትን መኪና መፈተን ነው። ሦስት ነን። እኔ፣ የእህቴ ልጅና ጋሼ። ጋሼ መካኒካችን ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሙያውን በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው የቀሰሙት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ሲሉ ከአፋቸው ያምራል።

ከቃሊቲ ሳንወጣ ክርክሩ ተጀመረ። የእህቴ ልጅ ቱርቦ ይፈልጋል። ሰፋፊ ጎማ ይፈልጋል። ጣሪያው ላይ ረጅም ኤልኢዲ መብራት ይፈልጋል። መብራቱን ሳይጠይቀን ገዝቶ ገጥሞታል።

«ጋሼ፣ ቱርቦ ቢገጠምላት እኮ ትበራለች!»

«ትበራለች። እስከ ሞጆ። ከሞጆ ወዲያ ቴስታታውን አውርደህ በሲኖትራክ ትጭነዋለህ።»

ነገሩን ዘርዝረው አስረዱት። 1ኤችዜድ ናፍታውን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ አይረጭም። መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ ቴስታታው ያለ ቱርቦም ብዙ ሙቀት ይሸከማል። ቱርቦ ሲጨመር ሙቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፒስቶን ይሰነጠቃል፣ ቴስታታ ይፈነዳል። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ገጥሞ፣ ዳገት ላይ እግሩን የሚሰበስብ ሰው ይችለዋል። «አንተ ግን ጌጅ አታይም፤ ስልክ ነው የምታየው» ብለው ጨረሱለት።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። አሮጌ ናፍታ መኪና ላይ አንድ ብር ሲገኝ መጀመሪያ የሚወጣው መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች ወደነበረችበት ለመመለስ ነው። ጭማሪ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። የጠገንነውም በዚሁ መንገድ ነው። ጎሚኒዎቹ (የመጋጠሚያ ላስቲኮቹ) በሙሉ ተቀየሩ። የተሰነጠቀው ባሌስትራ (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ወጣ። አሞርዛተሮቹ ተቀየሩ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየረው የታይሚንግ ቺንጋ አዲስ ገባ። የፊት ጎማ ኩሽኔታዎች ታጥበው በአዲስ ግራሶ ተሞሉ፣ ኦይል ሲላቸው (የዘይት ማገጃ ጎማቸው) ተቀየረ። የፍሬን ጎማዎችና ቱቦዎች አዲስ ናቸው። ብዙው ዕቃ ከሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተለቀመ ነው፤ አዲሱም አሮጌውም። ይህን ሁሉ አውጥተን መኪናዋ ከውጭ ስትታይ ያው ናት። የእህቴ ልጅ ፎቶ የሚያነሳው ነገር አጣ።

ደግሞ እንዲህ ያለችን መኪና መጠገን አሁን ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅህ ላይ ያለችውን መያዝ ነው እንግዲህ።

የአዳማ የፍጥነት መንገድ ለእኛ አልተሠራም። በ90 ስንነዳ ጋቢናው ውስጥ መጮህ ያስፈልጋል። ከአዳማ ወደ አሰላ ዳገቱ ሲጀምር በሦስተኛ ማርሽ ተረጋግተን ወጣን። በቆጂን ሳንቆም አለፍን። የደራርቱና የቀነኒሳ አገር ነው፤ መንገድ ዳር የሚሮጡት ልጆች ዳገቱን ከእኛ በተሻለ ይወጡታል። ከአሳሳ እስከ ዶዶላ ስንዴው እየታጨደ ነበር። መንገዱን ኮምባይነሮች ይዘውታል። አንዳንዶቹ ከመኪናችን በዕድሜ ይበልጣሉ።

ዲንሾ የደረስነው በጨለማ ነው። ኤልኢዲው በራ። ጉም ስለነበር ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ጠፋ። የድሮዎቹ ቢጫ መብራቶች ይሻሉ ነበር።

ዓርብ፦ ዲንሾ – ሮቤ – ጎባ

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሞተሩ እንቢ አለ።

ካንዴሌታውን (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቀውን) አሞቅን። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ታገስን፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አፍኖ የሚፈጥረው ሙቀት ያንሳል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ይመታል። ሞተሩ ይነሳና ሦስት አራት ጊዜ አንኳኩቶ ይጠፋል።

ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው የናፍታ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ተጫኑ። ለስላሳ ናት። «አየር ስቧል» አሉ። ናፍታ ሞተር አየር አይወድም። መስመሩ ውስጥ ትንሽ አየር ከገባ የሞተሩ የናፍታ ፖምፓ አየሩን ይጨምቃል እንጂ ናፍታውን አይገፋም። ተንኮሉ ደግሞ አየር የሚስብ ቀዳዳ ሁልጊዜ አያፈስም። ማታ ደረቅ ሆኖ ያድራል፤ ናፍታው ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ጠዋት ያስቸግራል።

ሁሉንም መጋጠሚያ በጨርቅ ጠረጉ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓ የሚሄደው ቱቦ ብሎን ሥር ጨርቁ ትንሽ ረጠበ። እዚያ ያለችው የመዳብ ቀለበት ደርቃ ጥርቅም ማለት ትታለች። ትርፍ አልያዝንም። የእህቴ ልጅ «ሮቤ ሄጄ ልግዛ?» አለ። ጋሼ ሳቁ። ቀለበቷን በፒንሳ ይዘው ሻይ በምታፈላው ሴትዮ ከሰል ላይ ቀይ እስክትሆን አጋሏት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ከተቷት። ቺስ! ብረት እንዲህ ብታደርገው ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ለስልሳ ተመልሳ ገባች፣ ታሰረች፣ አየሩ ወጣ። የእጅ ፖምፓዋ ጠጠረች። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።

ሴትዮዋ «ሻዩን ሳትጠጡ?» አሉ። ጠጣን።

ሮቤ ላይ እንደዚያም ሆኖ ቆምን። የኮምባይነር መካኒኮች ያሉበት መንደር ውስጥ ገብተን የመዳብ ቀለበት በየልኩ ገዛን። የባሌን የስንዴ አጨዳ በሕይወት ያቆዩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። የናፍታ ፖምፓ ፈትቶ መግጠም ለእነሱ የዕለት እንጀራ ነው። ጋሼ አንዱን አስጠርተው ፖምፓችን ላይ ስላለችው የናፍታ መጠን መወሰኛ ብሎን አወሩ። ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ ጉልበት እንድታገኝ ብሎ ብሎኗን ወደ ውስጥ አስገብቷት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ጭሷ ትንሽ ጠቆር ይል ነበር እንጂ አላስቸገረችም። ሳነቲ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራት ሺህ ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል። ናፍታው ግን ካልቀነሱለት አይቀንስም። አየር ያጣ ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩንም ያግላል። አንዳንድ 1ኤችዜድ ከፍታ ሲጨምር ናፍታውን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ፖምፓው ላይ አለው። የእኛ የለውም። ሁለቱ ተስማምተው ብሎኗ የነበረችበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉና ትንሽ ወደ ውጭ መለሷት። ሩብ ዙር እንኳ አልሞላም። እዚህች ብሎን ላይ እጅህን ማብዛት አያስፈልግም።

ጎባ ነዳጅ ሞላን። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ክፍያው በቴሌብር። ሀርድቶፕ ሁለት ታንክ አላት፤ እያንዳንዱ 90 ሊትር ይይዛል። በሊትር ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከሁለቱ ታንክ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ታገኛለህ። ፋብሪካው አስቦ የሠራው ነገር እያለ ጣሪያ ላይ ጀሪካን የሚደረድር ሰው አይገባኝም።

ቅዳሜ፦ ጎባ – ሳነቲ – ሐረና – ደሎ መና

ከጎባ በላይ ጠጠር መንገዱ ወዲያው ይወጣል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ምንም። በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣነው። እግሬን እስከ መጨረሻው ብጫነውም የሚጨመር ነገር የለም። ጋሼ «ተወው፣ ድምፁን ስማ» ይሉኛል። ድምፁ ሳይታፈን የሚሄድበት ፍጥነት አለ፤ እሱን ይዞ መሄድ ነው። የኋላ መስታወት ላይ ጭስ ፈለግሁ። ግራጫ፣ ስስ። የብሎኗ ሥራ።

ሳነቲ ላይ ወጣን። ይህ መንገድ በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ከሚያስኬዱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። በግራም በቀኝም ሜዳ ነው። ጅብራው ቆሟል፤ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። ትናንሽ ኩሬዎች ጠርዛቸው በረዶ ይዟል። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል።

ቀይ ቀበሮ አየን። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቱን አቀርቅሮ ቆሟል። ሞተሩን አጠፋን። ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ዘለለ፣ ሳተ። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ አይሞሉም፤ ከእነዚያ ግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚህ ባሌ ተራሮች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሣሩ ላይ የጎማ ዱካ አለ። ሰፊ ጎማ። አንዱ ፎር ዊል አለኝ ብሎ ከመንገድ ወጥቶ ሲሽከረከርበት የነበረ ነው። ፓርኩ ውስጥ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው። በዚህ ብርድ ሣሩ ቶሎ አያገግምም። ፍልፈሏ ጉድጓድዋ ከተደረመሰ ቀበሮውም ይራባል። ፎር ዊል የሚያስፈልገው መንገድ ሲበላሽ ነው፤ መንገድ ለማበላሸት አይደለም። የእህቴ ልጅ ስለ ሰፊ ጎማ ያነሳው ነገር ለጥቂት ሰዓት ተቋረጠ።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያስገባው መገንጠያ ጋ ደረስን። 4,377 ሜትር። ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። ወርደን የፊት ጎማዎቹን መሀል መቆለፊያ በእጃችን አዞርን፣ ፎር ዊል አስገባን፣ በከባድ ማርሽ ጀመርን። መኪናዋ ከሰው እርምጃ ብዙም አትፈጥንም። ቢሆንም አልቆመችም። ጫፉ ላይ ንፋሱ በር አያስከፍትም። የእህቴ ልጅ ራሴን አመመኝ አለ። ጋሼ ሲጋራ ለኮሱ፤ እሳቱ ቶሎ ቶሎ ጠፋባቸው።

ከሳነቲ ደቡብ ጫፍ ወደ ሪራ የሚወርደው ቁልቁለት ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ጉሙ ውስጥ ይገባል። በወጣህበት ማርሽ መውረድ የሚባለው ነገር እዚህ ይሠራል። ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የራሱ ቫኪውም (ፍሬን መርገጥን የሚያቀልል የአየር መሳብ ኃይል) የለውም። ለፍሬኑ ቫኪውም የሚሠራለት የተለየ ፖምፓ አለው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ናፍታ ቆጣቢ መስሎት የሚያደርገው ሰው በሕይወቱ እየቆመረ ነው፤ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንበታል። ሁለተኛ ማርሽ ይዘን፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካን ወረድን። ከፊታችን አዲስ ፒካፕ ነበረ። የፍሬኑ ሽታ እኛ ጋ ይደርሳል። ሪራ ላይ ቆሞ አገኘነው፣ የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ጋሼ ወርደው ልጁን አነጋገሩት። «ውሃ እንዳታፈስበት። ይቀዝቅዝ። ከዚያ ማርሹን አውርደህ ሂድ፣ የኔ ልጅ።» ልጁ ውሃውን በእጁ ይዞት ነበር።

ከሪራ በታች ሐረና ጫካ ነው። ዛፉ በላይ ገጥሟል። ዛፉ ሽበት ያንጠለጠለ ይመስላል። ከሥሩ ቡናው ማንም ሳይተክለው በቅሏል። ማር መንገድ ዳር በጀሪካን ይሸጣል። ገዛን። ከዚያ እየሞቀ፣ እየሞቀ ሄዶ ደሎ መና ላይ ግመል አየን። ጠዋት ጃኬት ደርበን የነበርን ሰዎች ማታ በሸሚዝ ተቀመጥን። ጋሼ ቡና በማር ካልሆነ አልጠጣም አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተመለከታቸው።

እሑድ፦ ደሎ መና – ሳነቲ – ጎባ

ጫካው ውስጥ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ገጠምን። የጋሼ ሕግ ግን ያለ ስኮርታ ሳነቲን መውጣት የለም ይላል። በዙሪያችን ጎሚስታ የለም።

ጎማችን የድሮው 7.50 በ16 ነው፣ ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ)። ቸርኬው ባለ ቀለበት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ቸርኬ ይጠላዋል፤ ጠባብ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ያስጠላል። ዛሬ ግን እጁን አስገባ። ሁለት ሌባ ብረት (ጎማ መፈልቀቂያ)፣ አንድ መዶሻ፣ ቀለበቱ ወጣ። እሾህ ነው። ካላማዳሪውን ፍቀን ለጠፍን። ዘመናዊው ቲዩብለስ (ካላማዳሪ የሌለው) ጎማ ግን ጠርዙ ከቸርኬው ከተላቀቀ ያለ ማሽን መመለሱ ሥቃይ ነው።

አደጋ ግን አለው። ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ዘሎ ሰው ይገድላል። ጋሼ ጎማውን ቀለበቱን ወደ መሬት አስደፍተው፣ በሰንሰለት አስረው፣ ሁላችንንም አራቁን። ንፋሱን የሞላው የእህቴ ልጅ የገዛው ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ከባትሪ የሚሠራ። ጋሼ ከጎኑ ቆመው አዩት። «ይቺ ጥሩ ናት» አሉ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይህቺን ቃል ሲደጋግማት ዋለ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ከደሎ መና እስከ ሳነቲ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ በአንድ ትንፋሽ። ከሪራ በላይ የሙቀት ጌጁ ከመሀል ተነሳ። ይህ ጌጅ ሁልጊዜ መሀል ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ከተነሳ ነገር አለ። ጋሼ ወዲያው ሂተሩን እስከ መጨረሻ ከፈቱት። ጋቢናው ምድጃ ሆነ። ሂተሩም ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ እኛ አመጣው። ላባችን ይንጠባጠባል፣ ጌጁ ግን ቆመ።

ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ አቆምን። እጄ ወደ ቁልፉ ሲሄድ «አታጥፋው!» አሉኝ። ሞተሩ በጋለበት ከጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ቴስታታው ላይ ያለው ሙቀት መውጫ ያጣል። በዝግታ እንዲሠራ ትተን ጠበቅን። የራዲያተሩን ክዳን ማንም አልነካም።

ከረገበ በኋላ አጠፋነው። የራዲያተሩ ፊት በስንዴ ገለባና በጭቃ ተደፍኗል። ከኮምባይነሮቹ ኋላ ስንጎተት የሰበሰብነው ነው። ከጅረት ውሃ ቀድተን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አፈሰስንበት፤ ቆሻሻው በገባበት ወጣ። ጋሼ ፋኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ዞረ፣ ደግሞም ዞረ። «ይሄውልህ» አሉ። የዚህ ሞተር ፋን መሀሉ ላይ ሲልከን ዘይት ያለበት መያዣ አለው። ሲሞቅ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ዘይቱ ካነሰ ሲሞቅም አይይዝም። ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም፤ ተፈትቶ ዘይት ይሞላል።

የቀረውን በሁለተኛ ማርሽ፣ በግማሽ እግር፣ ሂተሩን ከፍተን ወጣን። ሳነቲ ላይ ስንደርስ ብርዱ መጣ፤ ሂተሩን ማንም ዝጋ አላለም።

ሰኞ፦ ጎባ – ሻሸመኔ – አዲስ አበባ

በሻሸመኔ በኩል ተመለስን። ጠዋት ሳታንገራግር ተነሳች። ጌጁ መሀል ላይ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ አስፋልት ነው፣ ባጃጅ ነው፣ አህያ ነው።

ጋሼ የሥራ ዝርዝር አስያዙኝ። የፋን ዘይት። ራዲያተሩ ወርዶ ውስጡም ይታጠብ። የሁሉም የናፍታ መጋጠሚያ ቀለበት ይቀየር። ብሎኗ ባለችበት ትቆይ፤ ጉልበት ቀነሰች ብሎ ማንም እንዳይነካት። ኤልኢዲው ይውረድና ይሸጥ። በብሩ ሁለተኛ ካላማዳሪና ትርፍ ቺንጋ ይገዛ።

«ቱርቦስ?» አለ የእህቴ ልጅ፣ ባቱን እንዳለፍን።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። «ቱርቦ ካስፈለገህ ይሄን ሞተር አትንካብኝ። 1ኤችዲ ፈልግ። እሱ ያው 4.2 ነው፣ ናፍታውን በቀጥታ ይረጫል፣ ከፋብሪካው ባለ ቱርቦ ሆኖ ነው የተሠራው። እሱን አምጣና እኔ እገጥምልሃለሁ።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ውስጥ ስንቆም ሱማሌ ተራ ካለ ደላላ ጋር ስለ ዋጋ ይከራከራል። ደላላው ያለውን ሲነግረን ጋሼ እንኳ አፋቸውን ያዙ።

«ግማሹን በለው» አሉት።